ስለ ቦርስታልና ስለ ወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ታሪክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተሰበሰቡት ጥያቄዎች በአብዛኛው የሚያተኩሩት በ20ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር በሠራው የቦርስታል ሥርዓትና እርሱን በወለዱት ቀደምት ተቋማት ላይ ነው። የውጭ አገር ታሪክ የተነገረባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ተጽፈዋል፤ የኢትዮጵያ ሕጎች ሲጠቀሱ ግን በራሳችን አቆጣጠር መሆኑ በቦታው ተመልክቷል።

ቦርስታል ማለት ምን ማለት ነው?

ቦርስታል በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬንት ግዛት፣ ከሮቸስተር ከተማ አጠገብ የሚገኝ የአንድ መንደር ስም ነው። በዚያ መንደር በነበረ እስር ቤት ውስጥ በ1902 ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 21 የሆኑ ወንድ ፍርደኞችን ከአዋቂዎቹ ለይቶ የማሠልጠን ሙከራ ተጀመረ። ሙከራው እየሰፋ ሲሄድ የመንደሩ ስም የተቋሙ ስም ሆነ፤ በ1908 ደግሞ ሕግ አጸናው። ስለዚህ አንድ እንግሊዛዊ ዳኛ በወጣት ላይ የቦርስታል ፍርድ ሲሰጥ ወጣቱ የግድ ወደዚያች መንደር ይሄዳል ማለት አልነበረም፤ በዚህ ስም ከሚጠሩት በርካታ ተቋማት ወደ አንዱ ይላካል ማለት ነበር።

እኛ ዛሬ «ማረሚያ ቤት» ከምንለው በምን ይለያል?

ዛሬ በአማርኛ ማረሚያ ቤት የሚባለው ቀድሞ ወህኒ ቤት ይባል የነበረው፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ማንኛውም ፍርደኛ የሚታሰርበት ቦታ ነው። ቦርስታልና ቀደምቶቹ ግን ለልጆችና ለወጣቶች ብቻ የተለዩ፣ ዓላማቸውም ከመቅጣት ይልቅ ጠባይን ማረም እንደሆነ በሕግና በአዋጅ የተነገረላቸው ተቋማት ነበሩ። በእኛ የሕግ ቋንቋ «ጠባይ ማረሚያ» የሚለው ስያሜ ለእነርሱ ይቀርባል። ማረም የሚለውን ግስ ከገበሬው ሥራ ጋር አያይዞ ለሚያስብ አንባቢ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መሥራቾች ሐሳብ እንግዳ አይሆንበትም፤ ብዙዎቹ ልጁን ከከተማ አውጥተው እርሻ ላይ ማዋል ግማሹ ፈውስ ነው ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር።

ከዚያ በፊት ጥፋት የፈጸሙ ልጆች ዕጣቸው ምን ነበር?

በአብዛኛው የአዋቂዎቹ ዕጣ ነበር። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በእንግሊዝ አገር አንድ የአሥር ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሲሰርቅ ቢያዝ ከአዋቂ ሌባ ጋር በአንድ ክፍል ሊታሰር፣ ወደ አውስትራሊያ ሊጋዝ፣ አልፎ አልፎም በሞት ሊቀጣ ይችል ነበር። በ1831 ከቦርስታል ብዙም በማይርቀው በሜድስቶን ከተማ የ14 ዓመት ልጅ በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት በሕዝብ ፊት ተሰቅሏል። ይህን የምናነሣው አንባቢን ለማስደንገጥ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ተቋማት ጉድለታቸው ምንም ያህል ቢበዛ ከምን ተነሥተው እንደመጡ ሳይታወቅ በቅንነት ሊመዘኑ ስለማይችሉ ነው።

ልጆችን ለይቶ የመያዝ ሐሳብ ግን ከዚህም ይቀድማል። በሮም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንት 11ኛ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሳን ሚኬሌ ለወጣቶች የማረሚያ ቤት አሠርተው ነበር። በግድግዳው ላይ የተቀረጸው የላቲን ጽሑፍ፣ ክፉዎችን በሥርዓት ደጎች ካላደረጓቸው በቅጣት መግታት ብቻውን ጥቂት ነገር ነው የሚል ትርጉም አለው።

የእንግሊዝ መንግሥት በበኩሉ በ1838 በወጣ ሕግ በዋይት ደሴት የሚገኘውን ፓርክኸርስትን የልጆች እስር ቤት አደረገው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልጆቹ በእግር ብረት ይያዙ ነበር፤ ብዙዎቹም በኋላ ወደ አውስትራሊያና ወደ ኒውዚላንድ ተልከዋል። የብሪስቶሏ መምህርት ሜሪ ካርፔንተር ይህን አያያዝ አጥብቀው ተቃወሙ። ልጅ የሚለወጠው በፍቅርና በእምነት እንጂ በሰንሰለት አይደለም የሚል አቋም ነበራቸው፤ በ1852 በኪንግስውድ፣ በ1854 ደግሞ ለልጃገረዶች ብቻ በብሪስቶል ከተማ የራሳቸውን ማረሚያ ትምህርት ቤቶች ከፈቱ። በዚያው በ1854 የወጣው ሕግ ዳኞች ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ወደ እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች እንዲልኩ ፈቀደ፤ ይሁንና ልጁ አስቀድሞ ቢያንስ 14 ቀን በእስር ቤት እንዲቆይ ያስገድድ ነበር። ካርፔንተር ይህን ግዴታ እስከ መጨረሻው ተቃውመዋል፤ የተነሣው ግን እርሳቸው ከሞቱ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ በ1899 ነው።

የፈረንሳዩ ሜትሬ ለምን ይህን ያህል ይጠቀሳል?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ልጆች ማረሚያ የጻፈ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አይቶት ወይም ሰምቶት ስለነበረ ነው። ሜትሬ በቱር ከተማ አቅራቢያ በ1840 ሥራ የጀመረ የእርሻ ሰፈር ሲሆን መሥራቹ ፍሬዴሪክ ኦገስት ደሜ ዳኛ ነበሩ። የከፋ ግንብ አልነበረውም። ልጆቹ አርባ አርባ እየሆኑ በየቤቱ ይኖሩ ነበር፤ እያንዳንዱ ቤት «ቤተሰብ» ተብሎ ይጠራል፤ የሚያስተዳድረውም «የቤተሰብ ኃላፊ» የሚባል ሰው ነው። ሰው መሬትን ያሻሽላል፣ መሬትም ሰውን ያሻሽላል የሚለው አባባል የሰፈሩ መመሪያ ነበር። ደሜ ሥራውን ሲጀምሩ በቅድሚያ ያደረጉት ልጆቹን መቀበል አልነበረም፤ አስቀድመው ወጣት ሠራተኞችን ሰብስበው አሠለጠኑ። ይህን ጥበብ ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ብዙ መንግሥታት ረስተውታል።

ነገር ግን በሜትሬ የሚኖሩት ልጆች ብዙዎቹ የተላኩበትን ሕግ ማየት ይገባል። በ1810 የወጣው የፈረንሳይ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 66፣ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጥፋቱን የፈጸመው ነገሩን ሳያመዛዝን ነው ከተባለ በነጻ እንዲለቀቅ ያዛል። ይኸው አንቀጽ ግን ዳኛው ልጁን ለወላጆቹ እንዲመልሰው ወይም ወደ ማረሚያ ልኮ 20 ዓመት እስኪሞላው ድረስ እንዲያሳድገው ያስችል ነበር። ስለዚህ ጥፋተኛ አይደለም የተባለ የአሥር ዓመት ልጅ አሥር ዓመት ሊያዝ ይችላል፤ ጥፋተኛ የተባለው ባልንጀራው ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ ይፈታ ይሆናል። ይህን እንደ አንድ ሕግ ስህተት ብቻ ማየት አይበቃም። ለልጁ ጥቅም ነው ተብሎ የሚወሰን እስራት ከቅጣት የበለጠ ሊረዝም እንደሚችል መጀመሪያ በግልጽ የታየው እዚህ ሲሆን፣ ነገሩ ከዚያ በኋላ በየአገሩ ተደግሟል። የሜትሬ ስም በ20ኛው ክፍለ ዘመን እየጠቆረ ሄደ፤ በጋዜጦች ከባድ ወቀሳ ከደረሰበት በኋላም በ1937 ተዘጋ።

አሜሪካኖችስ ምን አበረከቱ?

በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት የሚገኘው ኤልማይራ ማረሚያ በ1876 ተከፈተ። የተቀበለው ለመጀመሪያ ጊዜ ከባድ ወንጀል የፈጸሙ ከ16 እስከ 30 ዓመት የሆኑ ወንዶችን ነበር። የበላይ ኃላፊው ዜቡሎን ብሮክዌይ ሁለት ነገሮችን አጣመሩ፤ የመጀመሪያው መነሻው ያልተወሰነ ፍርድ ነው፤ ዳኛው ከሕጉ ጣሪያ በቀር የጊዜ መጠን አይወስንም። ሁለተኛው የነጥብ ሥርዓት ነው፤ አዲስ ገቢው በመካከለኛው ደረጃ ይጀምራል፤ ለስድስት ወር በሥራ፣ በትምህርትና በጠባይ ሙሉ ነጥብ ካገኘ ወደ አንደኛው ይወጣል፤ በዚያም ስድስት ወር ከጸና በአመክሮ ሊለቀቅ ይችላል፤ ካጠፋ ወደ ታችኛው ይወርዳል። የሙያ ትምህርት፣ ወታደራዊ ሰልፍ፣ የሙዚቃ ጓድና የታራሚዎች ጋዜጣ ነበረው። በ1890ዎቹ ግን ኃላፊው በዚያው ግቢ ወጣቶቹን በገዛ እጃቸው እንደሚደበድቡ የሚያሳይ ምርመራ ወጣ። የክፍለ ግዛቱ አስተዳዳሪ ከክሱ ነጻ ቢያደርጓቸውም፣ የዓለምን አድናቆት ያተረፈው የነጥብ መዝገብ ከበስተጀርባው ግርፋት እንደነበረበት ሊሸፋፈን አልቻለም።

ቦርስታል እንዴት ተመሠረተ?

በእንግሊዝ አገር ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስር ቤቶችን የመሩት ኤድመንድ ዱ ኬን ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ ጥብቅና ጸጥ ያለ አያያዝ የሚከተሉ ሰው ነበሩ። በ1894 በኸርበርት ግላድስተን ሰብሳቢነት የተቋቋመው የመንግሥት ኮሚቴ በሚቀጥለው ዓመት ባወጣው ዘገባ ይህን አያያዝ ነቀፈ፤ ከሁሉም ይልቅ የትኩረት ነጥቡ ዕድሜ ነበር። ወንጀልን ልማድ ያደረጉ ሰዎች አብዛኞቹ የሚፈጠሩት ከ16 እስከ 21 ባለው ዕድሜ መሆኑን ገልጾ፣ በእስር ቤትና በልጆች ማረሚያ ትምህርት ቤት መካከል የሚሆን ተቋም እንዲቋቋም አሳሰበ።

በዱ ኬን ቦታ የተተኩት ኢቭሊን ራግልስ ብራይዝ በ1897 ወደ አሜሪካ ተጉዘው ኤልማይራንና መሰል ማረሚያዎችን ጎበኙ። በሥልጠናው ተደሰቱ፤ ግን 30 ዓመት የሞላውን ሰው ከ16 ዓመት ልጅ ጋር መቀላቀሉን አልወደዱትም፤ ስለዚህ የራሳቸውን ዕቅድ በ21 ዓመት ገደቡት። ሙከራው በቤድፎርድ እስር ቤት በጥቂት ወጣቶች ከተጀመረ በኋላ በ1902 ወደ ቦርስታል ተዛወረ። ከ1908ቱ ሕግ በኋላ ፌልታምን የመሳሰሉ ሌሎች ተቋማት ተጨመሩ፤ በ1921 ደግሞ ለረጅም ዘመን ከባድ ወንጀለኞች ድንጋይ ሲፈልጡበት የነበረው የፖርትላንድ እስር ቤት ቦርስታል ሆነ።

ሜዳ ላይ የተሠራው ቦርስታል ታሪክ ምንድን ነው?

በዚህ ታሪክ ውስጥ በጣም የሚያስደስተው ምዕራፍ ይህ ነው። አሌክሳንደር ፓተርሰን በ1922 የእስር ቤቶች ኮሚሽነር ሆነው ከመሾማቸው በፊት በለንደን ድሃ ሰፈር በበርመንድዚ ከወጣቶች ጋር ለዓመታት ኖረዋል። ሰው ወደ እስር ቤት የሚላከው እስሩ ራሱ ቅጣት ሆኖ ነው እንጂ እዚያ ሌላ ቅጣት እንዲጨመርበት አይደለም የሚለው ሐሳብ ከስማቸው ጋር ተያይዞ ይነገራል። ጠባቂዎቹ በቦርስታሎች ውስጥ የደንብ ልብሳቸውን አውልቀው የዘወትር ልብስ እንዲለብሱ አደረጉ። ተቋሙን እንደ እንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በቤት በቤት ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ቤት የራሱን ኃላፊ ሾሙ። ቀኑ በሥራ፣ ምሽቱ በትምህርት፣ የሳምንቱ መጨረሻ በእግር ኳስና በቡጢ ውድድር ያልፍ ነበር፤ በበጋም ወጣቶቹ በድንኳን የሚሰፍሩበት ጊዜ ተፈቀደላቸው።

ፓተርሰን ሰውን በምርኮ አኑሮ ለነጻነት ማሠልጠን አይቻልም ብለው ያምኑ ስለነበር ቀጣዩ እርምጃ ግንቡን ማንሣት ሆነ። በ1930 በግንቦት ወር አርባ ያህል ወጣቶች ከጥቂት ሠራተኞች ጋር በደብልዩ ደብልዩ ሉዌሊን መሪነት ከፌልታም ተነሥተው፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ተጉዘው በኖቲንግሃም ግዛት ወደምትገኘው ሎውድሃም ደረሱ። እዚያ የሚጠብቃቸው ሜዳ ነበር። በድንኳን እየኖሩ የሚኖሩበትን ተቋም በገዛ እጃቸው መገንባት ጀመሩ፤ ዙሪያውንም ግንብ አልነበረውም። ከአምስት ዓመት በኋላ እኚሁ ሉዌሊን ሌላ ቡድን ከስታፎርድ እየመሩ ወደ ሊንከንሸር የባሕር ዳርቻ ሄዱ፤ ወጣቶቹ ከሰሜን ባሕር ላይ የእርሻ መሬት በግድብ እያስቀሩ የሚያወጡበትን ሰፈር መሠረቱ። መሪው ከወጣቶቹ ጋር አብሮ በእግሩ መሄዱ ቀላል ነገር አይምሰለን፤ ሰንሰለቱን የተካው ሌላ ነገር ሳይሆን ይህ የእምነት ግንኙነት ነበር፤ እንዲህ ያለ መሪ ደግሞ በመመሪያ አይፈጠርም።

ልጃገረዶችም ይላኩ ነበር?

አዎን። በ1909 በኤልስበሪ ለእነርሱ የሚሆን ተቋም ተከፈተ። ቁጥራቸው ከወንዶቹ በጣም ያነሰ ሲሆን ሥልጠናቸውም በአብዛኛው በቤት ውስጥ ሥራ፣ በልብስ ስፌትና በእጥበት ላይ ተወስኖ ቆይቷል። በ1923 ኃላፊ ሆነው የመጡት ሊሊያን ባርከር አያያዙን በእጅጉ አለዘቡት፤ በኋላም በእንግሊዝ የመጀመሪያዋ ሴት የእስር ቤቶች ረዳት ኮሚሽነር ሆነዋል።

ፍርዱ ለምን የተቆረጠ ጊዜ አልነበረውም?

የሥርዓቱ ደጋፊዎች መልስ፣ ሐኪም በሽተኛው የሚድንበትን ቀን አስቀድሞ እንደማይወስን ሁሉ ዳኛም ወጣቱ የሚታረምበትን ቀን ሊያውቅ አይችልም የሚል ነበር። በ1908ቱ ሕግ ፍርዱ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ነበር፤ በ1914 መነሻው ወደ ሁለት ዓመት ከፍ አለ። ኮሚሽነሮቹ ግን ከስድስት ወር በኋላ፣ ለልጃገረዶች ከሦስት ወር በኋላ፣ በክትትል ሊለቋቸው ይችሉ ነበር። ወደ ቦርስታል ለመላክም ጥፋቱ ብቻውን አይበቃም፤ ዳኛው የወጣቱን የወንጀል ዝንባሌ ወይም የባልንጀሮቹን ክፋት አይቶ ሥልጠናው እንደሚያስፈልገው ማመን ነበረበት።

የዚህ ገጽ አዘጋጅ የሚሟገተው እዚህ ላይ ነው። ፍርድ በተፈጸመው ድርጊት ልክ መሆኑ ቀርቶ በሰውየው ማንነት ላይ ሲመሠረት፣ በሌላ ጊዜ ለጥቂት ወራት ይታሰር የነበረ ትንሽ ሌባ ለዓመታት ሊያዝ ይችላል፤ ይህንንም የሚያደርጉት ጨካኞች ሳይሆኑ ብዙ ጊዜ ደጋግ ሰዎች ናቸው። ደግነታቸው ከልብ ስለሆነ የሚጠይቃቸው አይኖርም። በአሜሪካ በ1964 በአሪዞና የደረሰው ነገር ይህን በጉልህ ያሳያል። አንድ የ15 ዓመት ልጅ በስልክ ጸያፍ ቃል ተናግሯል ተብሎ፣ ጠበቃ ሳይቆምለት፣ ከሳሿም ሳትቀርብ፣ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በክፍለ ግዛቱ ማረሚያ እንዲቆይ ተወሰነበት። ያንኑ ድርጊት አዋቂ ቢፈጽመው የሚጠብቀው ቅጣት ከ5 እስከ 50 ዶላር መቀጮ ወይም ቢበዛ የሁለት ወር እስራት ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1967 ውሳኔውን ሽሮ፣ ልጆችም ክሳቸው በጽሑፍ እንዲደርሳቸው፣ ጠበቃ እንዲቆምላቸውና ምስክሮችን መስቀለኛ ጥያቄ እንዲጠይቁ መብት እንዳላቸው ወሰነ።

ታዲያ ቦርስታል ውጤት አስገኝቷል?

ጥያቄው የሚመለሰው በየዘመኑ ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ከተለቀቁት ወጣቶች አብዛኞቹ ወደ ወንጀል እንዳልተመለሱ ዘገባዎች ያሳያሉ። ያን ጊዜ ቁጥራቸው ጥቂት ነበር፤ ሲወጡም ቦርስታል ማኅበር የተባለው ድርጅት ሥራ እየፈለገ ይከታተላቸው ነበር። በ1970ዎቹ ግን ከተለቀቁት ከግማሽ የሚበልጡት በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ እንደገና ይፈረድባቸው ነበር።

ለውጡን በአንድ ምክንያት ብቻ መግለጽ አይቻልም። ከጦርነቱ በኋላ የወጣት ፍርደኞች ቁጥር አሻቀበ፤ ክፍሎቹ ተጨናነቁ፤ የሠለጠነ ሠራተኛ አነሰ። ጥፋታቸው ቀላል ለሆኑት ሌሎች ቅጣቶች በመገኘታቸው ወደ ቦርስታል የሚመጡት ብዙ ጊዜ የተፈረደባቸው ሆኑ። በ1961 የወጣው ሕግ ደግሞ መነሻ ዕድሜውን ወደ 15 አውርዶ የቆይታውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት አደረገው፤ በዚህም ቦርስታል ከሌላው እስር ቤት ጋር ይበልጥ ተቀራረበ። ስሙ ቀረ እንጂ እነሉዌሊን በእግር የተጓዙለት ነገር አብዛኛው ጠፍቶ ነበር።

መቼ ተሻረ?

በ1982 የወጣው የወንጀል ፍትሕ ሕግ የቦርስታልን ፍርድ ሻረ፤ ሕጉም በ1983 ሥራ ላይ ዋለ። በምትኩ ዳኛው የጊዜውን ልክ ራሱ የሚወስንበት የወጣቶች እስራት መጣ።

የኢትዮጵያ ሕግ ከዚህ ታሪክ ጋር ይገናኛል?

በቀጥታ ከቦርስታል የተቀዳ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ረቂቅ የተዘጋጀው በስዊሱ የሕግ ሊቅ በዣን ግራቨን ስለሆነ የአውሮፓ አህጉራዊ ሕግ መንፈስ ይታይበታል፤ ሆኖም ወጣትን ከመቅጣት ይልቅ የማረም ሐሳብ የጋራቸው ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ክፍፍሉን ጠብቆታል፤ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ደግሞ እንደ አዋቂ አይቀጣም፤ ፍርድ ቤቱ ተግሣጽ፣ በክትትል ማስተማር፣ ሕክምና ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም ማስገባት የመሳሰሉ እርምጃዎችን ይወስናል። ወደ ተቋም የሚገባበት ጊዜ ከአንድ ዓመት አያንስም፣ ከአምስት ዓመት አይበልጥም፣ ከ18 ዓመት ዕድሜም አያልፍም። ከሜትሬ ዘመን ሕግ ጋር ሲተያይ ይህ ጣሪያ ትልቅ ጥበቃ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ወጣት አጥፊዎች በማረሚያ ተቋማት ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። የሚያሳስበን ትእዛዙ በአንድ ከተማ ወይም በአንድ ግቢ ሳይወሰን፣ ሩቅ ወረዳ ላይ በሚያዝ የ12 ዓመት ልጅም ዘንድ እንዲሠራበት ነው።

ስሙ ዛሬም የሚሠራበት አገር አለ?

አለ። በቅኝ ግዛት ዘመን ሕጉ ወደ ብዙ አገሮች ተሻግሯል፤ የሕንድዋ ማድራስ የቦርስታል ትምህርት ቤቶችን ሕግ ያወጣችው በ1925 ነው። ጎረቤታችን ኬንያ በሞምባሳ አቅራቢያ በሺሞ ላ ቴዋና በምዕራብ ኬንያ በሺኩሳ በዚሁ ስም የሚጠሩ ተቋማት አሏት። ሥርዓቱ በተወለደበት በኬንት ግን ስሙ የቀረው ለመንደሩ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ወጣቶች በ1902 በገቡበት ቦታ ላይ ያለው እስር ቤት ዛሬ የሚጠራው ሮቸስተር ተብሎ ነው።